የማያፈስ ማሰሮ

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ይህን የምትጽፈው የልጅ ልጄ ናት። እኔ አወራለሁ፣ እሷ በስልኳ ትቀዳኛለች፣ ኋላ ቁጭ ብላ ትጽፈዋለች። የራሷም ጉድ ስላለበት አንዳች እንዳትቆርጥብኝ አስምያታለሁ፤ በተለይ የፈረስ ፋንድያውን።

ልጅቷ የምትማረው መሃንዲስ ለመሆን ነበር። መሃንዲስ የሚለው ቃል በዕብራይስጡም ባማርኛውም ያው ስለሆነ ቃሉን ለመልመድ አልተቸገርኩም። የተቸገርኩት ስራው ምን እንደሆነ ለመረዳት ነው። ቤታችን ኢየሩሳሌም፣ ቂርያት መናሔም ሰፈር ነው፣ ሦስተኛ ፎቅ። የወጥ ቤቱ ቧንቧ ዓመት ሙሉ ጠብ ጠብ ሲል ከረመ። አንድ ቀን «እስቲ አንቺ መሃንዲስ፣ ይሄን ነገር እይልኝ» አልኳት። መጣች፣ አጎንብሳ አየችው፣ ወረቀት አምጥታ ሳለችልኝ። ውሃው ከየት እንደሚገፋ፣ ውስጥ ያለችው ጎማ እንዴት እንደምታልቅ፣ በወር ስንት ባልዲ እንደሚባክን ሳይቀር አስረዳችኝ። እውነት ለመናገር ገባኝ።

«ታዲያ ዝጊዋ!» አልኳት።

«ሳብታ» አለች። ሳብታ አያቴ ማለቷ ነው። «እኔ እኮ የተማርኩት ለምን እንደሚያፈስ ነው።»

«የሚዘጋውስ?»

«እሱ ሌላ ሰው ነው።»

ያ ሌላ ሰው እስኪመጣ ቧንቧውን በጨርቅ አሰርኩት።

እንዲህ እንዲህ እያለች አራተኛው ዓመት ደረሰ። ፈተናውን ሁሉ አልፋለች፣ ጎበዝ ናት፣ ዓይን አይግባት። ታዲያ በመጨረሻው አስተማሪዎቹ «ወረቀት በቃን፤ አሁን በእጅሽ ሰርተሽ የሚሰራ ነገር አምጪ» አሏት። ይሄኔ ቤታችን ውስጥ ሐዘን ገባ። የሚሰራ ነገር ካላመጣች ዓመቱን ትደግማለች። እሷ ደግሞ «ከምደግም ጥዬው ሱቅ ተቀጥሬ ጫማ እሸጣለሁ» ብላ ፎከረች። የሷን ፉከራ አውቀዋለሁ፤ ያለችውን ታደርጋለች። በዚህ እኔን ነው የምትመስለው።

ልትሰራው ያሰበችው ውሃ የሚያጣራ ሸክላ ነው። መብራትም ቧንቧም የሌለበት አገር የሚጠቅም። ጭቃው ከሰጋቱራ ጋር ይቦካል፤ እሳት ሲገባ ሰጋቱራው ይቃጠልና ቦታውን ባዶ ይተወዋል፤ በዛች ዓይን በማታያት ቀዳዳ ውሃው ያልፋል፣ ቆሻሻው ይቀራል። ስትነግረኝ ሳቄ መጣ።

«ሆነ ብለሽ የሚያፈስ ማሰሮ ልትሰሪ?»

«አዎ፣ ሳብታ።»

«በኛ አገር የሚያፈስ ማሰሮ የሰራች ሴት ባል አታገኝም።»

«እኔ የምፈልገው ባል አይደለም፣ ዲፕሎማ ነው።»

ያን ቀን ከዚህ በላይ አልተናገርኩም። እኔ ሸክላ ሰሪ እንደነበርኩ ልጅቷ አታውቅም ነበር። እናቴም ሸክላ ሰሪ፣ የእናቴ እናትም ሸክላ ሰሪ። ጎንደር እያለን ክርስቲያኖቹ ጎረቤቶቻችን የኛን የቤተ እስራኤሎችን ማሰሮ ይገዛሉ፣ ዞር ሲሉ ደግሞ ቡዳ ይሉናል። እዚህ ስመጣ ሃነቪኢም መንገድ ላይ አንድ ቢሮ ወለል ሳጸዳ ኖርኩ። ወለል የምትወለውል ሴትዮ ስለ ማሰሮ ማን ይጠይቃታል? እኔም ዝም አልኩ፣ እጄም ዝም አለ።

እሷ በሂሳቧ ጭቃዋን አቡክታ የትምህርት ቤታቸው ትልቅ ምድጃ ውስጥ ከተተችው። ፈነዳ። ሁለተኛውን ሰራች፣ ፈነዳ። ሦስተኛው ሲፈነዳ ብቻውን አልፈነዳም፤ አጠገቡ የነበረውን የሌላ ተማሪ ስራ ሁሉ ይዞት ሄደ። የምድጃው ጠባቂ አንድ ወፍራም ሰውዬ ነው፤ «ከዛሬ ወዲያ ጭቃ ይዘሽ በዚህ በር እንዳላይሽ» አላት።

ስብርባሪውን በፌስታል ይዛ እያለቀሰች ቤት ገባች። አንዷን ገል አነሳሁና ምላሴ ላይ አደረግኳት።

«ሳብታ! ኬሚካል ሊኖረው ይችላል!»

«ዝም በይ። ይሄ ጭቃ አልታሸም፣ ሆዱ ውስጥ አየር ቀርቷል። የተወቀጠ ገል አልገባበትም። ደሞ ገና ሳይደርቅ ነው እሳት የከተትሽው።»

እንባዋ ባለበት ቆመ። «እርስዎ ይሄን በምን አወቁ?»

ነገርኳት። አፏን ከፍታ ሰማችኝና ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «አራት ዓመት ሙሉ ይሄን ይዘው ነው አጠገቤ ሽንኩርት የሚልጡት?»

በማግስቱ ጀመርን። አፈር በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ከሱቅ ሲገዛ ያየሁት ያኔ ነው። የተሰበረ የአበባ ማሰሮ ከግቢ ለቅመን በሙቀጫ ወቀጥነው። እሱ ነው ገሉ፤ አዲሱን ጭቃ የሚያጸናው አሮጌው ስባሪ ነው። ልጅቷ ሚዛንና ደብተር ይዛ ከጎኔ ቆመች።

«ስንት ግራም ገል ነው የሚገባው?»

«እስኪበቃው።»

«እስኪበቃው ስንት ነው?»

«ጭቃው ራሱ ይነግርሻል።»

«በምን ቋንቋ?»

አፈፍ አድርጌ ልጨምር ስል እጄን ከነገሉ ይዛ ሚዛኑ ላይ ታስገለብጠኛለች። አንድ እፍኝ፣ ጻፈች። ሁለተኛ እፍኝ፣ ጻፈች። ሦስተኛ። ከዚያ ደብተሯን ትክ ብላ አየች። ሦስቱም እፍኝ አንድ ዓይነት ነው፤ የቆሎ ፍሬ ታህል ልዩነት የለውም። ከዚያ በኋላ እጄን መያዝ ተወች።

ግን እሷም ዝም ብላ አልተመራችልኝም። ሰጋቱራው ላይ ተጣላን። እኔ ጭቃ ውስጥ እንጨት ሲገባ አንጀቴ አይችልም፣ ቆንጥሬ ነው የምጨምረው። እሷ «ይሄማ ከነቆሻሻው ይዞት ይቀመጣል እንጂ ውሃ አያሳልፍም» ብላ በሻይ ማጥለያ ነፍታ፣ ለክታ፣ ያለችውን ያህል አስገባች። መታጠቢያ ገንዳው ውስጥ ገብታ በእግሯ አሸችው። ጉልበቷ ድረስ ጭቃ ሆና «አሁንስ?» ትለኛለች፤ «ገና ነው» እላታለሁ። «አሁንስ?» «ገና።» ተረከዟ ሲንሸራተት ግድግዳውን ይዛ «ይሄን የትኛው መጽሐፍ ላይ ነው የጻፉት?» ትላለች። ሦስት ማሰሮ አወጣን። ሁለቱን እኔ፣ አንዱን እሷ። የሷ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፣ ሰካራም ይመስላል። አልጋ ስር በጥላ ሁለት ሳምንት አደረቅናቸው። በፀጉር ማድረቂያ ልታፋጥነው ስትሞክር አንዴ ይዣታለሁ፤ እሱንም ጻፊው።

አሁን እሳቱ ቀረ። ምድጃውን ተከልክላለች። «እንግዲያ እንደ አገራችን ሜዳ ላይ እንተኩሰዋለን፤ ገለባና ኩበት ብቻ አምጪልኝ» አልኳት። ገለባውን ከየት እንዳመጣችው ታውቃላችሁ? የቤት እንስሳ ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ፤ ለጥንቸል መኝታ ብለው በላስቲክ አሽገው የሚሸጡትን። ኩበት ግን ከየት ይምጣ? ቀኑን ሙሉ ስትደውል ዋለች። ሰው ስልክ ያነሳል፣ «ፋንድያ አላችሁ?» ትላለች፣ ይዘጉባታል። በመጨረሻ ከከተማው ውጭ ፈረስ የሚያስጋልቡ ሰዎች «የፈለግሽውን ያህል ጫኚ» አሏት።

አመጣችው፤ ግን እርጥብ ነው። በረንዳ ላይ ጠፍጥፌ አሰጣሁት። እታች ፎቅ የምትኖረው የሕንጻው ኮሚቴ ሴትዮ በመስኮት ብቅ ብላ፣

«ከላይ ምንድን ነው የሚሸተው?» ብላ ጮኸች።

ልጅቷ ደንግጣ «ፕሮጀክት ነው!» አለቻት።

«ፕሮጀክት ነው፣ ፈረስ ነው?»

ግቢው ውስጥ እሳት ብናነድ እሳት አደጋ እንደምትጠራ ጨምራ ነገረችን። በዚህስ በሴትዮዋ አልፈርድም።

ያኔ የማውቃቸው መነኩሲት፣ እማሆይ ትዝ አሉኝ። ቢሮው ውስጥ ሳጸዳ በነበርኩበት ዘመን ረፍት ሲሆን ሃነቪኢምን ይዤ እታጠፍና የኢትዮጵያ መንገድ ላይ፣ ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ግንብ ስር ቁጭ እል ነበር። እሳቸው ለድመት ፍርፋሪ ሊሰጡ ይወጣሉ። የአንድ አገር ሰዎች ነን፣ አንድ ገበያ ነው የወጣነው። በመብል አንገናኝም፣ እሳቸው በጾማቸው እኔ በቤተ እስራኤል ሥርዓቴ፤ በሽምብራ ቆሎ ግን ሃያ ዓመት ተወዳጅተናል።

ማሰሮዎቹን በብርድ ልብስ ጠቅልለን፣ ፋንድያውን በጆንያ አድርገን አውቶብስ ተሳፈርን። ደርቋል ብዬ ነበር፤ የመሃሉ አልደረቀም ኖሯል። ሁለት ፌርማታ እንደሄድን ሰው የጫማውን ሶል እያገላበጠ ማየት ጀመረ። አንዱ ሽማግሌ መስኮት ከፈተ። ልጅቷ ጆሮዋ ውስጥ ሙዚቃ ከትታ እንደማታውቀኝ ወደ ውጭ ታያለች። እኔም ጆንያው ላይ እግሬን አሳርፌ «አቤት የዘንድሮ አውቶብስ!» አልኩ።

እማሆይ ፈቃድ ጠይቀው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ራቅ ብሎ ቅጠል የሚያቃጥሉበትን የግቢ ጥግ ሰጡን። ወንበር አምጥተው ተቀመጡና ማሰሮውን ደባብሰው ሳቁ።

«እናቴ ከእናንተ ማሰሮ ልትገዛ ስትሄድ እኛን ልጆቿን ጓዳ ትቆልፍብን ነበር፤ ዓይናችሁ እንዳይበላን።»

«አሁንስ አይፈሩኝም፣ እማሆይ?»

«አሁንማ ምኔ ይበላል፣ እህት ዓለም? አጥንት ብቻ ቀርቼ!»

ከዚያ በፕላስቲክ ጠርሙስ ጠበል አወጡና ወደ እሳቱ ሊረጩ ተነሱ።

«ኧረ እማሆይ! እርጥብ ነገር እንዳያስጠጉብኝ፣ ይሰነጠቅብኛል!»

«እንግዲያው ጸሎቱን ብቻ ላድርስ።»

«ደረቅ ጸሎት ከሆነ ግድ የለም።»

እሳቱን ቀስ ብዬ ጀመርኩት። መጀመሪያ ዙሪያውን፣ እንደ ሕፃን ገላ ማሞቅ ነው፤ ቀስ በቀስ ወደ መሃል። ልጅቷ ሽጉጥ የመሰለች የሙቀት መለኪያ እያነጣጠረች ቁጥር ትጠራለች። እኔ መልኩን ነው የማየው። የበሰለ በርበሬ መሰለና «በቃው፣ እናውጣ» አልኩ።

«አይሆንም!» አለች። «ጎንደር የሰሯቸው ማሰሮዎች ሰጋቱራ አልነበረባቸውም። ከላይ ቀላ እንጂ ውስጡ ገና ጥቁር ነው፤ ካሁኑ ካወጣነው ቀዳዳው አይከፈትም።»

ስለ እሳት በሰው ፊት «አይሆንም» ያለችኝ ከእናቴ ወዲያ እሷ ናት። እያጉረመረምኩ ፋንድያ ጨመርኩ።

አመዱ ሲበርድ ስናወጣ የኔ ሁለቱ ተሰንጥቀዋል። ቆሞ የተገኘው ያ ሰካራሙ፣ የሷ ማሰሮ ነው። እማሆይ «የእግዜር ስራ!» አሉ። እኔ እንኳ እግዜርን አልጠረጠርኩም፣ እርጥቡን ፋንድያ ነው የጠረጠርኩት። ውሃ ሞላችበት፣ ጠበቅን። ጠብ። ጠብ። ልጅቷ ጮኻ እማሆይን አቀፈቻቸው፤ ቆባቸው ድረስ አመድ አደረገቻቸው።

ልጅቷ ስራዋን ለአስተማሪዎቹ የምታቀርበው በአራተኛው ቀን ነው። ማሰሮው እኔ ወጥ ቤት ባልዲ ላይ ተቀመጠ። ልጅቷ ንግግሯን ልትለማመድ ትሄዳለች፣ እኔና ማሰሮው እንቀራለን። ቧንቧው በጨርቅ ውስጥ ጠብ ይላል፣ ማሰሮው ባልዲው ውስጥ ጠብ ይላል። አንዱን ቀን ቻልኩ። ሁለተኛውን ቀን ቻልኩ። በሦስተኛው ጠዋት እናቴ ከኋላዬ የቆመች መሰለኝ። እናቴ የሚያፈስ ማሰሮ ገበያ ስወስድ ካየች፣ መንገድ ላይ ትሰብረው ነበር። እኔ ማጣሪያ መሆኑን አላውቅም አይደለም፤ ጭንቅላቴ ያውቃል። እጄ ነው ያላወቀው። ነገ ያ ሁሉ አስተማሪ ከስሩ እርጥብ ሆኖ ሲያየው ምን ይላል? «ትንሽ ብቻ፣ ለወጉ ያህል ላሟሸው» አልኩ።

አሟሸሁት። ጋዝ ላይ አሞቅኩት፣ ጎመን ዘር ወቅጬ ውስጡን አሸሁት፣ ዘይት በጨርቅ አጠጣሁት፣ እንደገና አሞቅኩት፣ እንደገና አሸሁት። እንደ ጥቁር መስታወት አበራ። ውሃ ሞላሁበትና ስሩን በመዳፌ ዳበስኩ፤ ደረቅ። አንዲት ጠብታ የለም። ሃያ ምናምን ዓመት ወለል ስወለውል ያልተሰማኝ ኩራት ተሰማኝ። ውሃውን ደፋሁና ብርድ ልብሱን አለበስኩት።

ልጅቷ ስትመጣ ገለጥ አድርጋ «አምሮበታል!» አለች።

«ወልወል አደረግኩት።»

ውሸት አልነበረም።

በማግስቱ ነጭ ቀሚሴን ለብሼ አብሬያት ሄድኩ። ሦስት አስተማሪዎች ተቀምጠዋል፤ አለቃቸው ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ሳቅ የማታውቅ ሴት ናት። ያ የምድጃው ጠባቂም እጁን አጣጥፎ ከኋላ ቆሟል። ልጅቷ ስትናገር አንድ ቃል አልተደናቀፈችም። ከዚያ ጭቃ የተበጠበጠበት ውሃ ማሰሮው ላይ ሞላችና «አሁን ንጹሑ ይወርዳል» አለች።

ሁሉም ወደ ስሩ አየ። እኔ ወደ ጣሪያው አየሁ።

ምንም።

ትንሽ ቆየ። ከአስተማሪዎቹ አንዱ ሰዓቱን አየ። ልጅቷ አጎነበሰች፣ ጆሮዋን አስጠጋች፣ ከዚያ አፍንጫዋን አስጠጋች። ቀስ ብላ ወደኔ ዞረች።

«ሳብታ። ጎመን ዘር?»

«ትንሽ።»

«ሳብታ!»

«ያፈስ ነበር እኮ፣ ልጄ! ስንት ሰው ባለበት!»

አስተማሪዎቹ ምን እንዳልኩ ጠየቋት፤ ተረጎመችላቸው። ሁለቱ እየሳቁ መነጽራቸውን አወለቁ። ሴትዮዋ ግን አልሳቀችም። «እንግዲያው የሚሰራ ነገር አላመጣሽም» አለቻት። አራት ዓመት ተማረች፣ በእግሯ ጭቃ አሸች፣ እኔ በአንድ ጠዋት ጫማ ሻጭ አደረግኳት።

ታለቅሳለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ሰሌዳው ጋ ሄደች። ጎመን ዘሩ ሲቃጠል ምን እንደሚሆን፣ የትኛው ቀዳዳ ድረስ እንደሚገባ፣ ለምን ውሃ እንደማያልፍ ሳለችላቸው፤ ያኔ ስለ ቧንቧው ለኔ እንደሳለችልኝ። ሴትዮዋ አቋረጠቻት።

«ለምን እንደማያፈስ አስረዳሽን። ማፍሰሻውስ?»

ልጅቷ ጠመኔውን አስቀመጠች። «ምድጃውን ለአንድ ቀን ስጡኝ። ዘይቱ የሚቃጠልበትን ሙቀት አውቀዋለሁ።»

የምድጃው ጠባቂ ከኋላ «ቢፈነዳስ?» አለ።

«ገሉን በእጄ ነው የወቀጥኩት፣ ጭቃውን በእግሬ ነው ያሸሁት። አይፈነዳም።»

ሰውዬው እኔን አየኝ። «አሮጊቷ አጠገቤ ከቆመች እሺ።»

ቆምኩ። ያን ከሰዓት እሷ ቁጥር ትነግረዋለች፣ እኔ «ቀስ፣ ቀስ፣ አሁን ጨምር» እለዋለሁ። እሱ ሁለታችንንም ደብተሩ ላይ ይጽፈናል። የበሰለ በርበሬውንም ጻፈው። በማግስቱ ሲወጣ ያ ያማረበት ጥቁሩ ሁሉ ሄዶ ገረጣ፣ የታመመ ሰው መሰለ። ሴትዮዋ ራሷ ውሃ ሞላችበት። ጠብ። ትንሽ ቆይቶ ጠብ። ጭቃ ገብቶ ጥርት ያለ ውሃ ወጣ። ሁሉም አጨበጨበ፤ እኔ ብቻ አፈርኩ።

አለፈች። አንድ ቀን በመዘግየቱ ግን አምስት ነጥብ ተቀነሰባት፤ እስከዛሬ «የእርስዎ አምስት ነጥብ» እያለች ትከሰኛለች። ያን ሰሞን ቁልፍና ጎማ ገዝታ መጣችና ቧንቧውን ራሷ ፈታ አጠበቀችው። ሁለት ጊዜ ፊቷን ውሃ መታት እንጂ ዘጋችው። አሁን ወጥ ቤቴ ውስጥ ቧንቧው ዝም ብሏል፣ ማሰሮው ነው ጠብ ጠብ የሚለው።

ለእማሆይም ብቻዋን ሌላ ማሰሮ ሰራችላቸው። ይሄኛው አላዘነበለም። ምድጃው አሁን ተፈቅዶላታልና በአውቶብስም ማንም ጫማውን አላገላበጠም። እማሆይ ተቀብለው ውሃ ሞሉበት፣ ስሩን በጣታቸው ነኩና አዘኑልኝ።

«እህት ዓለም፣ እጅሽ ደከመ እንዴ? ይሄስ ያፈሳል!»

«ተምሮ ነው፣ እማሆይ» አልኳቸው።

ልጅቷ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብላ «እማሆይ፣ አያቴን ከማሰሮው ጋር ብቻቸውን እንዳይተዉዋቸው» አለቻቸው። እሳቸውም ሳይስቁ፣ ሳያፍሩ፣ ቦርሳዬን ተቀብለው ከፈቱና ጎመን ዘር ይኖር እንደሆነ ፈተሹ።

ነበረ። ለወጉ ያህል ነው የያዝኩት።